ጥቁሩ ክሪስታልና የኤሌክትሮኖች ጉርብትና

ሳምንታዊ የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት፤ ሲያትል

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

   

የዛሬው ርዕሳችን ኤሌክትሪክ ነው። አምፖል የሚያበራው የዕለት ተዕለቱ ኤሌክትሪክ ግን አይደለም። አንዴ መፍሰስ ከጀመረ በመንገዱ ላይ ምንም ስለማያግደው ኤሌክትሪክ ነው የምናወራው። በተለይም በአብዛኛው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂንና ከድኝ በተሠሩ ትንንሽ ጥቁር ክሪስታሎች ውስጥ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን እናያለን።

ሲሰሙት ይከብዳል፤ አይዟችሁ። ወረቀትና እስክርቢቶ አያስፈልግም። ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ ዋና ዋናውንም ደጋግሜ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

[አጭር ሙዚቃ]

ከከተማችን ልጀምር። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመማርና የአንጎል ሳይንስን የሚያጠና ተቋም አለ። እዚያ ሕፃናት በትልቅ መሣሪያ ሥር ተቀምጠው የቋንቋ ድምፅ ይሰማሉ። መሣሪያው አይነካቸውም፣ ምንም ነገር ወደ ሰውነታቸው አይልክም፤ አንጎላቸው ሲሠራ የሚያወጣውን እጅግ ደካማ የማግኔት ኃይል ብቻ ያዳምጣል።

በ2016 ከዚሁ ተቋም የወጣ አንድ ጥናት የ11 ወር ሕፃናትን ይመለከት ነበር። እስፓኒሽና እንግሊዝኛ ሁለቱንም እየሰሙ ያደጉት ሕፃናት አንጎላቸው የሁለቱንም ቋንቋ ድምፅ ይለይ ነበር። እቤት አማርኛ፣ ደጅ እንግሊዝኛ እያሰሙ ልጅ ለሚያሳድጉ የከተማችን ወላጆች ይህ ትልቅ ዜና ነው።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። የአንጎል የማግኔት ኃይል ከመሬት የማግኔት ኃይል ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ የደከመ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ደካማ ነገር ምን ዓይነት መሣሪያ ሊሰማው ይችላል?

መልሱ ሱፐርኮንዳክተር ነው። በመሣሪያው ውስጥ ከሱፐርኮንዳክተር የተሠሩ ትንንሽ ቀለበቶች አሉ። በፈሳሽ ሂሊየም ተነክረው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀመጣሉ። በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠሩት።

[ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ]

ሱፐርኮንዳክተር ምንድን ነው? በቤታችን ግድግዳ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ነገር ግን ኤሌክትሮኖቹ ሲሄዱ ከሚርገበገቡት አቶሞች ጋር ይጋጫሉ፤ ጉልበታቸው በሙቀት መልክ ይባክናል። ስልካችሁ ቻርጅ ሲደረግ የሚሞቀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ይህን እንቅፋት የፊዚክስ ሰዎች ሬዚስታንስ ይሉታል።

በ1911 ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦንስ በላይደን ከተማ ባዜቃን ሲያቀዘቅዝ፣ ከፍጹም ዜሮ አራት ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሬዚስታንሱ ድንገት ጠፋ። ልብ በሉ፣ አልቀነሰም፤ ጠፋ። ፍጹም ዜሮ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ቅዝቃዜ የለም። ለዛሬ ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዲግሪ ሁሉ ከፍጹም ዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚቆጠር ነው።

ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት 46 ዓመት ፈጀ። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን መልሱን አገኙ። ኤሌክትሮኖች ሁሉም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ሆኖም አንዱ ኤሌክትሮን ሲያልፍ በአካባቢው ያሉትን ፖዚቲቭ አቶሞች በጥቂቱ ወደራሱ ይስባል፤ ያ የተሳበ ቦታ ደግሞ ሌላ ኤሌክትሮን ይጠራል። በዚህ መንገድ ሁለት ሁለት ይጣመራሉ። ጥንዶቹ ሁሉ አንድ የጋራ ሞገድ ይሆናሉ፤ አንዱን ነጥሎ ማደናቀፍ አይቻልም።

ይህን ልድገመው። በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይጣመራሉ፤ ጥንዶቹም እንደ አንድ አካል ይሄዳሉ። እንቅፋቱ የሚጠፋው በዚህ ነው።

[ሙዚቃ]

ሲያትል የኤሌክትሮን ከተማ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1973 በዚሁ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ዴመልትና ባልደረቦቹ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ፣ አንድ ነጠላ ኤሌክትሮን፣ በማግኔትና በኤሌክትሪክ ኃይል ወጥመድ ውስጥ ይዘው አቆዩ። በኋላም ፖዚትሮን የተባለውን የኤሌክትሮን ተቃራኒ ሦስት ወር ያህል ይዘው «ፕሪሲላ» የሚል ስም አወጡለት። ዴመልት በ1989 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ በ2017 በዚሁ በከተማችን አረፈ።

ዴመልት ያሳየን ብቻውን ያለ ኤሌክትሮን ምን እንደሚያደርግ እጅግ በረቀቀ ልኬት ማወቅ እንደሚቻል ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን ከዚህ ይለያል። ብዙ ኤሌክትሮኖች በጠባብ ቦታ አብረው ሲኖሩ ምን ያደርጋሉ? የአንዱን ጠባይ ማወቅ የብዙዎቹን ጠባይ አይነግረንም። ከዚህ ጥያቄ የበለጠ የሚማርክ የፊዚክስ ጥያቄ ለእኔ የለም።

[አጭር ሙዚቃ]

ወደ ጥቁሮቹ ክሪስታሎች እንግባ።

የምግብ ጨው ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሶዲየምና ክሎሪን። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል። የተሰጠው ኤሌክትሮን ክሎሪኑ ዘንድ ተቀምጦ ይቀራል፤ ስለዚህ ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

አሁን በሶዲየም ፈንታ አንድ ሙሉ ሞለኪውል አስቡ፤ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂንና ከድኝ የተሠራ፣ ዝርግ፣ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ። ኤሌክትሮን መስጠት ይወዳል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ቲቲኤፍ ብለው ያሳጥሩታል። በክሎሪን ፈንታ ደግሞ ኤሌክትሮን መቀበል የሚወድ ሌላ ዝርግ ሞለኪውል አስቡ፤ እሱንም ቲሲኤንኪው ይሉታል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰጪዎቹ በአንድ ረድፍ፣ ተቀባዮቹ በሌላ ረድፍ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ክሪስታል ይሆናሉ።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው። ሰጪው ኤሌክትሮኑን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። በአማካይ ከመቶ ሞለኪውሎች ወደ ሌላው ረድፍ የሚያልፉት 59 ያህል ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ስጦታው ጎዶሎ ስለሆነ በየረድፉ ክፍት ቦታ አለ። ክፍት ቦታ ካለ ደግሞ ኤሌክትሮን ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል መዝለል ይችላል። በ1973 በጆንስ ሆፕኪንስ እና በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ሁለት ቡድኖች ይህ ክሪስታል እንደ ብረት ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አሳዩ። ብረት የሌለበት፣ ከካርቦን የተሠራ ነገር እንደ ብረት ሲሆን አስቡት!

ያን ጊዜ ጉጉቱ ትልቅ ነበር። በ1964 ቢል ሊትል የተባለው የስታንፎርድ ፊዚሲስት ከኦርጋኒክ፣ ማለትም ካርቦን ካለበት፣ ሞለኪውል የተሠራ ሱፐርኮንዳክተር በክፍል ሙቀት ጭምር ሊሠራ ይችላል ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ ብዙዎች ሕልሙ የቀረበ መሰላቸው።

ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ግን ምን ሆነ? መጀመሪያ ማስተላለፉ እየተሻሻለ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ 54 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ማስተላለፉን አቆመ። ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ነገር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሆኖ አረፈ።

ለምን? ኤሌክትሮኖቹ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ነው። ሩዶልፍ ፓየርልስ የተባለው ፊዚሲስት ቀደም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ በአንድ ረድፍ ብቻ የሚሄዱ ኤሌክትሮኖች ባሉበት፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ ረድፉ ራሱ በየጊዜው የሚደጋገም መጠጋጋትና መራራቅ ይፈጥራል። ሞለኪውሎቹ ወጣ ገባ ሲሉ ለኤሌክትሮኖቹ መንገዱ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ለሲያትል ሰው የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ከፓየርልስ ጋር በእንግሊዝ በርሚንግሃም አብሮ የሠራ ዴቪድ ታውለስ የሚባል ወጣት ነበር። ታውለስ ከኮስተርሊትዝ ጋር ሆኖ በስስ ንጣፍ ውስጥ ያለ ሱፐርኮንዳክተር እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚፈርስ አሰላ። በ1980 ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ በ2016 ኖቤልን ተካፈለ። ኤሌክትሮኖች በአንድ ረድፍ፣ በንጣፍ ወይም በሦስት አቅጣጫ መሄዳቸው ዕጣቸውን እንደሚወስን ካስተማሩን ሰዎች አንዱ እንግዲህ በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ ሲሄድ የነበረ ሰው ነው።

[ሙዚቃ፤ ትንሽ ይቆያል]

እንቀጥል። ችግሩ የረድፉ ብቸኝነት ከሆነ መፍትሔው ምን ይመስላችኋል? አስቡበት፤ ትንሽ ልጠብቃችሁ።

[የሦስት ሰከንድ ዝምታ]

አዎ፣ ረድፎቹን ማቀራረብ ነው! ኤሌክትሮኑ ወደ ጎን ወዳለው ረድፍም መዝለል ከቻለ አንድ መንገድ ሲዘጋ ሌላ አለው።

በኮፐንሃገን ክላውስ ቤችጋርድ የሚባል ኬሚስት በድኝ ፈንታ ሴሊኒየም አስገባ። ሴሊኒየም ከድኝ የሚተልቅ አቶም ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ሰፋ ብለው ስለሚዘረጉ ጎረቤቱ ጋ በቀላሉ ይደርሳል። በፈረንሳይ ኦርሴ ደግሞ ዴኒ ዤሮምና ባልደረቦቹ የቤችጋርድን ክሪስታል ወስደው በ12,000 ከባቢ አየር ያህል ግፊት ጨመቁት። ከውቅያኖስ ሁሉ ጥልቅ የሆነው ሥፍራ ላይ ያለው ግፊት 1,100 ገደማ ነው፤ የእነሱ ከዚያ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል።

በ1979 መጨረሻ፣ ከፍጹም ዜሮ አንድ ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ቅዝቃዜ፣ የክሪስታሉ ሬዚስታንስ ጠፋ። የመጀመሪያው ኦርጋኒክ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ፤ ሥራውም በ1980 ታተመ።

ግፊቱ ሲነሣስ? ያው ክሪስታል ተመልሶ ኤሌክትሪክ አላስተላልፍም ይላል። አንድም አቶም አልተጨመረ፣ አንድም አልተቀነሰ። የተለወጠው በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው።

የዛሬው ዋና ነጥባችን ይህ ስለሆነ ደግሜ እለዋለሁ፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው።

ከዚህ ክሪስታል ወንድሞች አንዱ፣ በ1981 የተገኘው፣ ያለ ግፊት ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብሎ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ግን ጠባዩ ያስደንቃል። ቀስ አድርገው ካቀዘቀዙት ይሆናል፤ ቶሎ ካቀዘቀዙት አይሆንም። በውስጡ ያሉት ኔጌቲቭ ሞለኪውሎች አቅጣጫቸውን አስተካክለው ለመሰለፍ ጊዜ ይፈልጋሉ። ጊዜ ከተነፈጋቸው ተመሰቃቅለው እንዳሉ ይደርቃሉ፣ ኤሌክትሮኖቹም ይታሰራሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ሰው ትዕግሥት በክሪስታሉ ጠባይ ላይ እንዲህ ይጻፋል።

[አጭር ሙዚቃ]

ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች ከረድፍ ወደ ንጣፍ ተሻገሩ። ቢኢዲቲ-ቲቲኤፍ የሚባል፣ ስምንት የድኝ አቶም ያለው ሰፋ ያለ ሞለኪውል ሠሩ፤ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ባጭሩ «ኢቲ» ነው የሚሉት። የድኝ አቶሞቹ ወደ ጎን ስለሚደራረሱ ኤሌክትሮኖቹ በንጣፍ ላይ ወደፈለጉበት ይሄዳሉ። በ1990 በኢሊኖይ ግዛት በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የነበረ ቡድን መዳብና ብሮሚን ያለበት የኢቲ ክሪስታል፣ እነሱ ጨው የሚሉትን፣ ሠርቶ 11.6 ዲግሪ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ አገኘው። ከዤሮም ክሪስታል ከአሥር እጥፍ በላይ መሻሻል ነው።

አሁን ብሮሚኑን አውጥታችሁ ክሎሪን አስገቡ። የቀረው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። ምን ይሆናል ትላላችሁ?

የክሎሪኑ ጨው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም! ግን በ300 ከባቢ አየር ያህል ትንሽ ግፊት ብቻ ጫን ብታደርጉት 12.8 ዲግሪ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። በፑጀት ሳውንድ ጥልቁ ቦታ ላይ ካለው የውኃ ግፊት አሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ለፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይህ ቀላል ሸክም ነው።

በዚህ ትንሽ ግፊት ውስጥ ምን ተፈጠረ? እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልጠቀም።

በአገር ቤት ግቢ ውስጥ ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቤቶቹ ተያይዘው ከተሠሩ ሰው ከቤት ቤት ሲመላለስ ይውላል። ቡና ከፈላ ወደዚያ፣ ጨው ካለቀ ወደዚህ፤ በሩ አይዘጋም። ቤቶቹ ተራርቀው በተሠሩበት ሰፈር ግን ሰዎቹ ያው ሰዎች ሆነው ሳለ ሁሉም በየቤቱ ይቀመጣል። መንገዱ ስለሚያደክም ካልጠሩት አይሄድም።

በኢቲ ጨው ውስጥ ሞለኪውሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቤት ነው እንበል፤ በየቤቱ አንድ ብቸኛ ኤሌክትሮን አለ። ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ሁለቱ በአንድ ቤት ሲገኙ የጉልበት ዋጋ ያስከፍላል። ቤቶቹ ሲራራቁ መሄዱ ከሚሰጠው ጥቅም ዋጋው ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በቤቱ ይቀራል። ማንም ካልተንቀሳቀሰ ኤሌክትሪክ የለም። ቤቶቹ ሲቀራረቡ መሄዱ ይቀላል፣ መገፋፋቱን ያሸንፋል፣ መመላለሱ ይጀመራል።

በየቤቱ የተቀመጡበትን ሁኔታ በእንግሊዛዊው ፊዚሲስት በኔቪል ሞት ስም ይጠሩታል። በትምህርት ቤት የተማርነው፣ ክፍት ቦታ ካለ ኤሌክትሮን ይሄዳል የሚለው ሕግ እዚህ አይሠራም። መንገዱ ክፍት ነው፤ የሚያስቀራቸው የእርስ በርስ መገፋፋታቸው ነው።

እስካሁን ያልነውን ላጠቃልል። አንደኛው ኃይል መገፋፋት ነው፤ በቤታችሁ ቆዩ ይላል። ሁለተኛው ኃይል ዝላይ ነው፤ ሂዱ ይላል። ሁለቱ ኃይሎች ሊተካከሉ ሲቃረቡ፣ በዚያው ድንበር ላይ፣ ሱፐርኮንዳክተር ብቅ ይላል።

ብሮሚን ከክሎሪን የሚተልቅ አቶም ነው። ትልቅ አቶም ሲገባ ሞለኪውሎቹ የሚራራቁ ይመስላል፤ ግን አቀማመጣቸውን ስለሚለውጠው በተግባር ዝላዩ ይቀላል። የአንድ አቶም ልዩነት ክሪስታሉን ከድንበሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ያደርገዋል። ከዚህም የረቀቀ አለ። በኢቲ ሞለኪውል ጫፍ ላይ ያሉትን ስምንት የሃይድሮጂን አቶሞች በከባዱ ሃይድሮጂን፣ በዲዩቴሪየም፣ ከተኩ የብሮሚኑ ጨው ወደዚያው ድንበር ይጠጋል። ኬሚስትሪው ያው ነው፤ የከበደው የአቶሙ እምብርት ብቻ ነው።

ኤሌክትሮኖቹ በየቤታቸው በቀሩበት በክሎሪኑ ጨው ውስጥ ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ትንሽ ማግኔት ነው። ቅዝቃዜ ሲበረታ ጎረቤታሞቹ ማግኔቶች አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ዞረው ይሰለፋሉ። ከድንበሩ ባሻገር ሱፐርኮንዳክተር ሲጀምር የዚያ አሰላለፍ ትርታ ገና አልጠፋም። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች በእነዚህ ጨዎች ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምረው የአቶሞች እርግብግብታ ሳይሆን ይህ የማግኔት ትርታ ነው ብለው ያምናሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔም ወደዚህኛው ወገን አደላለሁ፤ ሱፐርኮንዳክተሩ በማግኔቱ ጎን ደጋግሞ መገኘቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ይህ ታሪክ በኢቲ ብቻ አልቀረም። 60 የካርቦን አቶም ያለው፣ እንደ ኳስ ክብ የሆነ ሞለኪውል አለ። ፖታሲየም ኤሌክትሮን ሲሰጠው 18 ዲግሪ ላይ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን በ1991 ታወቀ። ሲዚየም የሰጠው ደግሞ ያለ ግፊት አያስተላልፍም፤ ሲጨመቅ ግን 38 ዲግሪ ይደርሳል። ሌላ ሞለኪውል፣ ያው ጉርብትና።

[ሙዚቃ]

እነዚህ ክሪስታሎች እንዴት ይሠራሉ? ብዙ ሰው ትልቅ ፋብሪካ ይመስለዋል። መሣሪያው ቀላል ነው። ሁለት ቱቦዎች በመሐል የተያያዙበት የመስታወት ዕቃ አለ። ኢቲው በፈሳሽ ሟሙቶ ይገባል፤ በሁለቱም በኩል ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ይነከራል፤ ከዚያ እጅግ ትንሽ፣ በአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ዕቃው ሰው በሚነካካውም ሆነ በር ሲዘጋ በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ በአንደኛው ሽቦ ላይ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ይታያል። አንዳንዱ እንደ መርፌ ቀጭን፣ አንዳንዱ እንደ ትንሽ ሰሌዳ ዝርግ ነው፤ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር። በማይክሮስኮፕ ሥር አራት የወርቅ ሽቦ ይለጠፍበታል። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያስገባሉ፣ ሁለቱ ይለካሉ። ከዚያ ወደ ቅዝቃዜው ይወርዳል፤ በቀስታ፣ ምክንያቱም ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር አይዘረጋባቸውም። ተሰባሪ ናቸው፣ ትንሽ ናቸው፣ ብርቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። የሆስፒታል ኤምአርአይ ማግኔቶችም ሆኑ ቅድም ያነሣናቸው የሕፃናት አንጎል አዳማጮች የሚሠሩት ኒዮቢየም ባለበት ብረት ነው። በዚሁ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስውር ቁስ ሊሆን ይችላል የሚባለውን፣ አክሲዮን የተባለውን ቅንጣት የሚፈልገው ኤዲኤምኤክስ የተባለው ሙከራም ትልቅ የሱፐርኮንዳክተር ማግኔት አለው፤ እሱም ከብረት ነው።

የኦርጋኒኮቹ ጥቅም ሌላ ነው። ንጹሕ ናቸው፤ በትንሽ ግፊት ከአንድ ጠባይ ወደ ሌላ ይሻገራሉ። በመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች ውስጥ ተመሳሳይ የመገፋፋትና የማግኔት ታሪክ አለ፤ እዚያ ግን ኤሌክትሮን ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ባዕድ አቶም ማስገባት ያስፈልጋል፣ ባዕዱም የራሱን ምስቅልቅል ያመጣል። እዚህ አጥብቆ መጫን ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖች በብዛት ሲኖሩ ምን እንደሚያደርጉ ለመማር ከእነዚህ የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው።

ከዚህ ዘርፍ ጎን ለጎን ያደገ ሌላም አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ። በ1973 ከቲቲኤፍ ጨው ጋር የሠራው የፔንሲልቬንያው አለን ሂገር በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤልን የተካፈለው በዚህ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ፣ ተከተል ዮሐንስ፣ ሽመልስ አድማሴና ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በእነዚህ ፕላስቲኮች ወይም ፖሊመሮች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ቀጭን ንጣፎችን ጭምር አጥንተዋል። በሲያትል ደግሞ ትውልደ ናይጄሪያዊው ፕሮፌሰር ሳምሶን ጀነኬ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተሮች የታወቁ ናቸው። ልጆቻችሁ ኬሚስትሪ እወዳለሁ ካሏችሁ እነዚህን ስሞች ንገሯቸው።

[አጭር ሙዚቃ]

ከመሰናበታችን በፊት የከተማችን አዲስ ወሬ ልንገራችሁ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ኮብደን ቡድን በ2018 ከተንግስተንና ከቴሉሪየም የተሠራ፣ ውፍረቱ አንድ ንብርብር ብቻ የሆነ ክሪስታል በአቅራቢያው ባለ ኤሌክትሮድ ላይ ቮልቴጅ በመለወጥ ብቻ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አሳየ። በ2023 ደግሞ የሺያዶንግ ሹ ቡድን ሁለት ስስ ንብርብሮችን ትንሽ አጣሞ ደራርቦ፣ ያለ ውጭ ማግኔት፣ ኤሌክትሮኖች በኅብረት ሲሠሩ ቻርጃቸው የተከፋፈለ ያህል እንደሚሆን አገኘ። አንዱን ኤሌክትሮን ማንም አልሰበረውም፤ ብዙዎቹ አንድ ላይ ሆነው ነው እንዲያ ያለ ጠባይ ያመጡት።

በሚቀጥለው ሳምንት ከዚሁ እንቀጥላለን። ዴቪድ ታውለስ በ1982 ከዴን ናይስና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር እዚሁ ሲያትል ሆኖ ያወጣውን ስሌት፣ ለእነዚህ አዳዲስ ንጣፎች መሠረት የሆነውን፣ አብረን እናያለን። እስከዚያ ድረስ አንድ ጥያቄ ትቼላችኋለሁ፤ ልጆቻችሁም ይሞክሩት። የኢቲ ክሪስታል ሲጨመቅ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል ብለናል። ግፊቱን ከዚያም በላይ እጅግ ብንጨምረውስ፣ ዝላዩ መገፋፋቱን ሙሉ በሙሉ ሲያሸንፍ፣ ሱፐርኮንዳክተሩ ይበረታል ወይስ ይደክማል? ለምን? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ላኩልን።

መልካም ሳምንት፤ ሰላም ዋሉ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]